ገባሽ?

ሥራዬ ማስፈረም ነው፤ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ፣ ከፋርማሲው በላይ፤
አራት ገጽ ውል አለኝ፣ ተገልጦ የማይታይ።
ሐምራዊ የቀለም ሰፍነግ አለኝ፣ አውራ ጣት የጠገበ፤
የነከረ ሁሉ ፈረመ፤ አንድም ሰው አላነበበ።
«ገባሽ?» እላለሁ፤ «ገባኝ» ይሉኛል፤
ጣታቸው ቀድሞ ወረቀቱን ነክቷል።

ሹሩቤም እንዲሁ ፈርማለች፣ አምና በጥቅምት፤
ሃያ ሺህ ብር፣ መረብና የበረዶ ሣጥን ልትገዛበት።
አሞራ ገደል ቆሮሶ ትበልታለች፤ ቢላዋዋ ከእኔ እስክሪብቶ ይፈጥናል፤
አማርኛዋ የገበያ ነው፦ «ስንት?»፣ «ጨምሪ»፣ «ይበቃል»።
ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ደወለችልኝ፤
«ዛሬ እጠመቃለሁ፤ ነይና ጫማዬን ያዥልኝ።»

ባጃጅ ውስጥ፣ መንገዱን ሁሉ፣ ተናድጄ፤
ሳያነብ የፈረመ ስንቱን በዕዳ አሳድጄ!
የአንዱን ቆርቆሮ አይቻለሁ፣ ከጣሪያው ላይ ሲነቀል፤
«አልገባኝም ነበር» ሲል፣ «ፈርመሃል» ስንል።
ታዲያ መክፈያው ዘላለም የሆነ ውል፣ ሦስትም አንድም የሆነ አበዳሪ፣
ስድስት ቅዳሜ በተማረች ሴት ይፈረማል፣ ያለ አንድ አስረጂ፣ ያለ መስካሪ?

እኔንማ በሰማንያ ቀኔ ነው፣ ገብርኤል ወስደው ያስጠመቁኝ፤
እናቴ ትስቃለች፤ ቄሱን ረገጥኳቸው አሉ። ማንም አልጠየቀኝ።
ስም ወጣልኝ፣ ክር ታሰረልኝ፣ ተኛሁ፤
ሠላሳ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬም በዚያ ክር እምላለሁ።

ሐይቁ ዳር አባ ኮዶች ቆመዋል፣ እንደ ጡረተኛ ዳኞች፤
ከፊላው ማዶ፣ ጉማሬ እንዳይመጣ የሚጠብቁ ሁለት ጀልበኞች።
አቶ ላታሞ፣ የጉባኤው ሽማግሌ፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ናቸው፤
ጥያቄውን በቃላቸው ያውቁታል፣ መልሱንም ጭምር፣ ራሳቸው።
ሹሩቤ ነጭ ለብሳ ወረደች። የዓሣ ቅርፊት
ጥፍሯ ሥር ያበራል፣ የዐርብ ገበያ ምልክት።

«የተማርሽው ሁሉ፣ አብና ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ፣
ሞቱ፣ መነሣቱ፣
ገባሽ?» አሏት።
ቁልቁል አየች። ቀሚሷ እንደ ድንኳን ውሃው ላይ ተነፍቷል።
«ኤ» አለች። «ገባሁ። እስከ ጉልበቴ።»

ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
አቶ ላታሞ ግን አልሳቁም።
«እሱን አይደለም፤ ነገሩ፣ ነገሩ ገብቶሻል ወይ?»
«እሱ ገና ነው» አለች። «መጀመሪያ እኔ ልግባ።
እሱ ኋላ ይገባል።
ማጋኖ ሲቸኩል አላየሁም።»

ምን ያለ ቋንቋ ነው፣ በሩን ከሁለት ወገን የሚከፍት፤
ነገሩ አንቺ ውስጥ ሲገባ፣ አንቺም ነገሩ ውስጥ ስትገቢ፣ ያው «ገባሽ» የሚልበት?
ሽማግሌው ዝም አሉ። ውሃው ሲመታቸው ይሰማል።
ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት። ነከሯት። ውሃው ተዘጋባት። ወጣች።
ፊቷ አልተለወጠም። አስነጠሳት። «ጫማዬን» አለች።

ሰኞ ቢሮ መጣች፣ የወሩን ክፍያ በፌስታል ቋጥራ፤
ብሩ ዓሣ ይሸታል፤ ቆጥራ ሰጠችኝ፣ ደግሞ ቆጥራ።
«ተቀመጪ» አልኳት። ውሉን ከመሳቢያ አወጣሁት።
በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከራስጌው ጀምሬ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።
ወለዱ ላይ ስደርስ «እንዴ!» አለች፤ ቅጣቱ ላይ ተቆጣች፤
«ይኼ ሳይገባኝ ነው የገባሁት!» ብላ ጠረጴዛዬን መታች።
እውነቷን ነው። ወረቀት ውሃ አይደለም፤
የገባበትን እጁን ይዞ አያወጣም።

አንቀጽ ዐሥራ አንድ ላይ ቆምኩ። ደገምኩት። እንደገና ደገምኩት፣ ዳግም።
ስድስት ዓመት ያስፈረምኩበት ነው። ለካ እኔም አልገባኝም።
በመስኮቱ፣ በሁለት ፎቅ መካከል፣ ሐይቁ መዳፍ አክሎ ይታያል።
ሹሩቤ ወረቀቱን ተወችና እኔን አየችኝ።
«ገባሽ?» አለችኝ።